የአባቴና የአጎቴ ቀዝቃዛ ጦርነት

የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ሲበሰብስ ምን እንደሚሸት ታውቃለህ? ጨው ያለበት ዝገት ነው፤ ካፍንጫ አልፎ ምላስ ላይ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ሮቤ ቤቴ ውስጥ የአባቴን የቆርቆሮ ሳጥን ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። አራት ድንጋዮች ነበሩ፤ ወገባቸው ላይ ፈንድተው ነጭ ዱቄት አውጥተዋል።

ሳጥኑን የከፈትኩት ትዝታ አምሮኝ አይደለም። እኔ ትዝታ አልወድም፣ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው። የአጎቴ ሚስት ከጎባ በላይ ካለው ከድሮው ሰፈራችን ሰው ልካብኝ ነው። "ያቺን ወረቀት ይዘህልኝ ና" ብላለች። ሌላ ምንም አላለችም። የትኛዋን ወረቀት ብዬ መልእክተኛውን አልጠየቅኩትም። በእኔና በእሷ መካከል ያለችው ወረቀት አንድ ናት። የጻፍኳትም እኔ ነኝ።

ከድንጋዮቹ ልጀምርልህ።

አባቴ ሬዲዮ ነበረው፤ በሰፈሩ እሱ ብቻ። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ያሰጣዋል። ፀሐይ ሲሞቀው ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራል። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ከሳነቴ ደጋ የሚወርደው ጉም እስኪደርስባት ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ ጠዋት ይሰጣል፣ ዜናው ከብት ሲገባ ይሰማል። ልክ በዚያ ሰዓት አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሜዳዋን ተሻግሮ ይመጣል። ቤቶቻችን ፊት ለፊት ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለችው ጅረት የምታጠጣት አንዲት ቁራጭ ሜዳ ናት። ከኋላው ሚስቱ ትከተላለች። እሷ የምትመጣው ለዜናው ሳይሆን ለእናቴ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ጸጉር ይዛ ስታወራ ሬዲዮው ቢቃጠል አያውቁም።

ቃላቱ የገቡብን በዚያ ሬዲዮ ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ ዓለምን ለሁለት ስለተካፈሉ ኃያላን ነበር የሚያወራው። አንዱ ሚሳይል ሲተክል ሌላውም ይተክላል። ይተያያሉ፣ ግን አይተኩሱም። ፍጥጫ፣ ጎራ፣ ቀጣና፣ የጦር መሣሪያ እሽቅድድም። ሁለቱ ወንድማማቾች እነዚህን ቃላት እንደ ትኩስ ቆሎ ነበር የሚቆረጥሟቸው። በቤታችን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን ነው የምናወራው፤ እነዚህ ግን የቤት ቃላት አልነበሩም፣ ሹም ለብሷቸው የመጣ ነው የሚመስሉት። አጎቴ ደግሞ ቀልደኛ ነበር። ሁለት ኮርማዎች ቀንድ ለቀንድ ሲተያዩ በዜና አንባቢው ድምፅ "ኃያላኑ ተፋጠዋል፤ ዓለም ሰግታለች" ይላል፤ አባቴ እስኪያስለው ይስቃል። አንድ ቀን የአጎቴ ሚስት ባሏን ጠየቀችው።

"ይሄ ቀዝቃዛ ጦርነት የሚሉት ምንድን ነው?"

"ሳይተኩሱ መጣላት።"

"ይሄማ እኔና አንተ ነን!"

እናቴ የያዘችውን ማበጠሪያ ጥላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር፤ ያን ቀን ግን ረሳችው። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ እንደጎደላት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጸቡ የመጣው በሦስት ትልም ነው። አጎቴ ለገብስ ሲያርስ ከሜዳዋ ሦስት ትልም ቆረሰ። ሜዳዋ የጋራ ግጦሽ ነበረች፤ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ማረሻ ነክቷት አያውቅም። አባቴ ሄዶ ትልሙ ላይ ቆመ። አጎቴም በሬዎቹን እንደጠመደ ቆመ። ሁለቱም በትር ይዘዋል። ማንም አላነሳ፣ ማንም አልተመለሰ። ረፋድ ላይ የቆሙ ሰዎች ጥላቸው ረዝሞ ጅረቱ እስኪደርስ እዚያው ናቸው። በሬዎቹ ደክሟቸው ከነቀንበራቸው ተኙ። ሰው እየተሰበሰበ መጣ። ከመሃል አንዱ "ፍጥጫ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። አባቴ ደረቱን ነፋ፣ አጎቴም ነፋ።

የጮኸው እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ማሳቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ድሮ ቢሆን ይሄ "ድንበር ገፋ" ነው የሚባለው። ድንበር በገፋ ሰው ላይ ሽማግሌ ይላካል፣ ይመልሳል፣ አለቀ። ይሄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሌላ ሆነ። አባቴ አጎቴን "ወንድሜ" ማለት ትቶ "ያኛው ጎራ" ይለው ጀመር። አጎቴ ከአጋርፋ በኩል አንድ ቡችላ ሳይሆን የደረሰ ውሻ አስመጣ። አባቴ ሁለት አመጣ። አጎቴ ሁለተኛ ጨመረ። ጎረቤት "እሽቅድድሙ ተጀመረ!" እያለ ይስቃል፤ አባቴ አምስተኛውን ሲያመጣ መሳቁም ቀረ፤ በመንገዳችን ማለፍም ቀረ። ሜዳዋን "ነጻ ቀጣና" አሏት። አልታረሰች፣ አልተጋጠች። ሣሩ ጉልበት አለፈ፤ ከዚያ ወገብ ደረሰ። የሁለቱም ወገን ላሞች የጎን አጥንታቸው ተቆጥሮ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። እንዲህ ያለ ድንቁርና የትም አላየሁም። እኔም ከመሃሉ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አጎቴ ዜና መስማት ከቀረበት ወዲህ አባቴ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ያስጮኸው ጀመር። እናቴ "ጆሮዬን አደነቆርከኝ፣ ድንጋዩስ አያልቅብህም?" ስትለው "ዝም በይ፣ ድምፁ ዝግ ብሎብኝ ነው" ይላታል። በዚያ ሰዓት አጎቴ ከደጁ ወጥቶ ግንድ ላይ ይቀመጣል፤ ፊቱን ግን ወደ ሌላ አዙሮ ነው። ዜናው ሲያልቅ አባቴ ይዘጋል፣ አጎቴ ይነሳል። ይሄን ሁለቱም አያወሩትም ነበር።

ሴቶቹን የጎዳቸው የውሾቹ ነገር ነው። የአጎቴ ሚስት መሻገር አልቻለችም። የቀራቸው መገናኛ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነበር። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ፊደል እንቆጥር ነበር፤ ሁላችንም፣ በግድ። ጭቃው ገና ያልደረቀ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲመታው አስተማሪውን የማያሰማ ቆርቆሮ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ። ሞፈር የለመደ እጄ እርሳስ ሲይዝ ደብተሩን ይቀድ ነበር፤ አፍር ነበር። እናቴና የአጎቴ ሚስት አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረው። እናቴ ፊደሉ ብዙም አልገባትም። የአጎቴ ሚስት ግን ከሁላችንም ቀደመች። እኔ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ "እሽቅድድም" የሚለውን ቃል ያለ ረዳት ያነበብኩ ቀን አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እሷ ጆሮዬን ቆንጥጣ "ጎበዝ፤ ሂድና ለውሾቹ አንብብላቸው" አለችኝ።

አጨዳው ሲደርስ ትምህርቱ ተዘጋ። በዚያው እናቴ ታመመች። ሳል ነው የጀመራት፤ ከዚያ ደረቷን ያዛት። ጎባ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው መድኃኒቷን ይዛ ቤቷ እንድታርፍ ላኳት። እሷ ደግሞ ቤት ከገባች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

"እሷን ጥራልኝ።"

"ውሾቹስ?"

"አንተ ፊደል ቆጥረህ የለ? አስታርቃቸዋ።"

ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ከጅረቱ ታች የሚኖሩ ሙስሊም አባት ናቸው፤ አገሩ ሁሉ "ጃርሳ" ነው የሚላቸው፣ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ሳልጨርስ ገባቸው። "ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች መቼ ትጠሩኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ ጺሜ ነጣ" አሉኝ። "ታናሹ ማርጋ ይዞ ይምጣ። ሌላ ነገር አያስፈልግም።" ማርጋ ሣር ነው። በእኛ አገር የበደለ ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ደጅህ ከቆመ አትመልሰውም። ምን አደረግህ፣ ስንት አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። ሣሩን ትቀበለዋለህ፣ ያበቃል።

አጎቴ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጃርሳን አስከትሎ፣ ከዚያችው ሜዳ የነጨውን ሣር በሁለት እጁ ይዞ ከደጃችን ቆመ። ጤዛው ገና ከሣሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። አባቴ ከቤት ወጣ። ፊቱን አየሁት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘው ነገር ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። እጁን ሊዘረጋ ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ።

"ሣርማ የድሮ ነገር ነው" አልኩ። "በጽሑፍ ይሁን። ኃያላኑም የሚታረቁት ተፈራርመው ነው።"

ጃርሳ ዞር ብለው አዩኝ። "ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ማርጋ ይዞ መጥቷል እኮ!"

"ወረቀት ነው የሚያስተማምነው፣ አባቴ። ሣር ነገ ይደርቃል።"

"ይድረቅ! ሲደርቅ ሰው ሌላ ይቆርጣል።"

አባቴ እኔን አየኝ። እጁን መለሰ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ቁጣ መስሎህ እንዳይሆን፤ ኩራት ነው። ልጁ በአገር ፊት ሊጽፍ ነው። "ይጻፍ" አለ። አጎቴ ሣሩን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። መጣል ነውር ነው፣ የሚቀበለው የለም። ጥቂት ቆሞ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ጻፍኩ። ከደብተሬ መሃል ገንጥዬ፣ አልጋው ጎን ባለው ሳጥን ላይ ተደፍቼ። እናቴ ተኝታ ታየኛለች። ሦስት አንቀጽ ነበር። አንድ፦ ሜዳዋ ነጻ ቀጣና ናት፤ የማንም ማረሻ፣ የማንም ከብት አይገባባትም። ሁለት፦ ሁለቱም ወገኖች ውሾቻቸውን ያስራሉ። ሦስት፦ ከሁለቱ ወገን አንዱ ቢጥስ ስምምነቱ ፈርሷል፤ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይሄን ሦስተኛውን ማንም ጻፍ አላለኝም። ሬዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አምሮኝ ነው። ከማኅበሩ ቀለም አምጥቼ አባቴን፣ አጎቴንና ጃርሳን በአውራ ጣት አስፈረምኩ። ጃርሳ ጣታቸውን ሰጡኝ እንጂ ፊታቸውን አልሰጡኝም።

የአጎቴ ሚስት ሲነጋ መጣች። ውሾቹ ታስረው ያላዝናሉ፤ እሷ ግን በዚያ ወገብ በሚደርስ ሣር መሃል ቀሚሷን ሰብስባ እየሳቀች ነው የመጣችው። ዘጠኝ ቀን ተመላለሰች። የእናቴን ራስ ታጥባለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ የፊደሉን መጽሐፍ አውጥታ ታነብላታለች። የእናቴ ድምፅ ከፈት አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ቤቱ ጸጉር ላይ የቀለጠ ቅቤ ይሸት ነበር።

በአሥረኛው ቀን የአጎቴ ጥጃ አጥር ሾልኮ ሜዳዋ ውስጥ ገባ።

ጥጃ ነው። ወተት ያልተወ ጥጃ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሲግጥ አየው። ቤት ውስጥ የአጎቴ ሚስት እናቴን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሹሩባ ትሠራት ነበር፤ ግማሹን ጨርሳለች። አባቴ ጠራኝ።

"ወረቀቷን አምጣ። ሦስተኛውን አንብብልኝ።"

አባቴ ማንበብ አይችልም። ይሄን ልብ በል። ማንበብ በማይችል ሰው ፊት ወረቀት የያዘ ሰው ያሻውን ማለት ይችላል። ጥጃ አይቆጠርም ይላል ብል ማን ያውቅብኛል? አንድ ሰው ብቻ። እሷ ደግሞ ማበጠሪያውን እንደያዘች በበሩ በኩል ታየኛለች።  

አነበብኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። በዜና አንባቢው ድምፅ ነበር ያነበብኩት፤ ጎበዝ ነበርኩ።

አባቴ ወረቀቷ ላይ ጎንበስ አለ። "ሌላስ የለውም?" አለኝ።

"የለውም።"

"እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?"

"እስከ መጨረሻው።"

ሌላ ነገር እንድጨምርለት ይለምነኝ እንደነበር የገባኝ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ በትክክል ማንበቤ ብቻ ነው። በአገር ፊት ያስፈረመውን ነገር እንዴት ይለፈው? ሄዶ ውሾቹን ፈታ።

የአጎቴ ሚስት የእናቴን ራስ ከጉልበቷ ላይ አንስታ ትራሱ ላይ አደረገች። ማበጠሪያውን አጠገቧ አስቀመጠችላት። "መጥቼ እጨርሰዋለሁ" አለቻት። እኔው ነኝ ውሾቹን በበትር እየከለከልኩ እስከ ሜዳዋ የሸኘኋት። 

ጃርሳ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አባቴ "ወረቀቱ ፈርሷል" ነው የሚለው፤ አጎቴ ደግሞ "ሣር ይዤ መጥቼ ኪሴ ውስጥ ነው የቀረው፣ አሁን ደግሞ ምን ይዤ ልምጣ?" አለ። ልታስታምም የመጣችው እህቴ የእናቴን ቀሪ ጸጉር ልትሠራላት ሞከረች። እናቴ እጇን መለሰችው። "ተዪው፣ ባለቤት አለው።" በሰባተኛው ቀን ሞተች። ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ብትን።

ለሞት ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለቅሶው ሲሰማ አባቴ ራሱ ወጥቶ ውሾቹን አሰረ። የአጎቴ ሚስት በሣሩ መሃል እየጮኸች መጣች። ሬሳው ሊገነዝ ሲል ሴቶቹን "አንድ ጊዜ ቆዩልኝ" አለቻቸው። ተቀምጣ የቀረውን ሠራችላት። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አልቸኮለችም። ጨርሳ ስትነሳ በአጠገቤ አለፈች፤ አላየችኝም።

አባቴና አጎቴ ከዚያ በኋላ እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ ኖሩ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዱ በዚህ ጥግ አንዱ በዚያ ጥግ ይቀመጣል። ሬዲዮው ግን መስኮቱ ላይ መጮኹን አላቆመም፤ አጎቴም ግንዱ ላይ መቀመጡን። ኃያላኑ ራሳቸው ተስማሙ፣ አንዱም ፈረሰ፤ ሁለቱም ይሄን ዜና ሰምተዋል፣ አንዱ ከመስኮት ውስጥ፣ አንዱ ከግንድ ላይ። አጎቴ የሞተ ዕለት አባቴ ሬዲዮውን ከመስኮቱ አወረደ። ድንጋዮቹን አወጣ፤ ሳጥን ውስጥ ከወረቀቷ ጋር ከተታቸው። ከዚያ ወዲህ ዜና ሰምቶ አያውቅም።

እኔ ወደ ሮቤ ወረድኩ። የስንዴ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ አረጀሁ።

ትናንት ወረቀቷን ይዤ ወደ ጎባ በሚኒባስ ስሄድ የሾፌሩ ሬዲዮ ያንኑ ያወራል። አንድ ልጅ እግር ተንታኝ ነው። አዲሱ ቀዝቃዛ ጦርነት፣ ቀጣናው፣ ፍጥጫው። አንድም ቃል አልተለወጠም።

"ዝጋው" አልኩት።

"አባባ፣ ዜና እኮ ነው!"

"አውቀዋለሁ። መጨረሻውን ሰምቼዋለሁ።"

ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀብኝ። ድምፁን ግን ቀነሰልኝ፤ ደግ ልጅ ነው።

ሜዳዋ አሁን ነጭ ሽንኩርት ተተክሎባታል። የአጎቴ የልጅ ልጆች ናቸው የሚያለሙት፤ ለምን ጾሟን እንዳደረች አያውቁም። እሷ ደጅ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። በእግሬ ኮቴ አወቀችኝ።

"አመጣሃት?"

"አመጣኋት፣ እትዬ።"

"በል አንብባት።"

ወረቀቷን ዘረጋሁ። የድንጋዩ ፈሳሽ አንዱን ጥግ በልቶታል፤ ሦስቱ የአውራ ጣት አሻራዎች ግን አሉ። የመጀመሪያውን አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ሦስት፦ ጥጃ ቢገባ ይመለሳል። የመጣ ሰው ግን ሥራውን እስኪጨርስ ከተቀመጠበት አይነሳም።"

እሷ "እሽቅድድም"ን ከእኔ በፊት ያነበበች ሴት ናት፤ ያን ቀንም በዚያ በር በኩል እያየችኝ ነበር። እጇን ልካ ወረቀቷን ዳሰሰቻት፣ ከላይ እስከ ታች።

"እንዲህ ነው የሚለው?"

"እንዲህ ነው የሚለው።"

"ድገምልኝ" አለች። "ቀስ ብለህ።"

ደገምኩላት። እኔ ሳነብ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ከፍለው፣ አሳልፈው፣ ጠበቅ አድርገው።